ለማየት ስንት ይከፈላል?

አዲሱ፦ ጋሼ፣ ጋራዡን ሊለቁት ነው ሲባል ሰማሁ። የማይቀር ከሆነ ለእኔ ይልቀቁልኝ።

ነባሩ፦ ምን ልትሠራበት?

አዲሱ፦ መኪና ነዋ!

ነባሩ፦ መኪና መሥራት ከሆነ ፍላጎትህ፣ አሁን እንደያዝከው ተቀጥረህም ትሠራለህ። ጋራዥ መያዝ ሌላ ነው። እኔ ራሴ መኪና ከሠራሁ ቆየሁ። ጠዋት ስገባ የማስበው ኪራይ ነው። ረፋዱ ላይ ሶማሌ ተራ እየደወልኩ ዕቃ አፈላልጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ወስዶ ሒሳቡን ያንጠለጠለውን ሰው እለማመጣለሁ፤ የጠፋ ኪያቤ ስፈልግ ይመሻል። እጄ ግራሶ የሚነካው ልጆቹ አቅቷቸው ሲጠሩኝ ብቻ ነው።

አዲሱ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ልጆቹ ሲያቅታቸው እርስዎ መጥተው ያዩታል። የጋራዡ ዋናው ሥራ ያ ነው። ለዚያ ግን ከማንም አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

ነባሩ፦ ለማየት? ለማየት ደግሞ ማን ይከፍላል?

አዲሱ፦ ባለፈው የመጣችውን ቪትዝ ያስታውሷት። የሞተር መብራት በርቶባት፣ ጠዋት ስትነሳ የምትንቀጠቀጠው። ሌላ ቦታ ኦክስጅን ሴንሰር ተቀይሮላት፣ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመልሶ በርቷል። ስካነሩ ላይ የወጣው ኮድ ፒ 0171 ነበር። ኮዱ የሚለው ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ነው እንጂ ሴንሰር ቀይር አይደለም። እርስዎ ሞተሩን አስነስተው የካርቡሬተር ማጽጃውን በአየር መሳቢያው ማኒኮቶ ዙሪያ ፊስ ፊስ ሲያደርጉበት፣ ከታች በኩል ሲደርሱ የሞተሩ ዙር ከፍ አለ። ማኒኮቶው ከሥሩ ተሰንጥቆ አየር ከዚያ እየሳበ ነበር። ይሄን ለማግኘት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብዎትም።

ነባሩ፦ ሰውየው ሒሳቡን ስነግረው ያለኝንም አስታውሳ! "ለአንዲት የጎማ ቱቦ ነው ይሄ ሁሉ?" ነው ያለኝ። ሴንሰሩን ለቀየረለት ግን ሳያንገራግር ከፍሏል። ለምን? በእጁ የያዘው ነገር አለዋ። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውታል፣ የአዲሱን ካርቶን አሳይተውታል። ለብረት ሲሆን ሰው ኪሱ ይፈታል፤ ለዕውቀት ሲሆን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው።

አዲሱ፦ ስለማንጠይቅ ነው የማይከፍለው። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ካርድ የምናወጣው ገና ሳንታይ ነው።

ነባሩ፦ ሐኪሙ ነጭ ጋውን አለው፤ አንተ ያለህ ቱታ ነው። ደግሞም ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ና ወንድሜ፣ እኔ በነፃ ልይልህ" የሚል የለም። እዚህ ከበሬ ሳትርቅ ሞልቶልሃል፤ ኪራይ የለበት፣ ግብር የለበት፣ ዛፍ ሥር ሣጥኑን ዘርግቶ የተቀመጠ።

አዲሱ፦ በነፃ የሚያየው ሰው ታዲያ ከየት ይበላል?

ነባሩ፦ ከዕቃው ነዋ። እንደማታውቅ አትሁን። መካኒኩ ደንበኛውን ይዞ ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ የመካኒኩን ድርሻ ጨምሮ ነው የሚጠራው። ደንበኛው ተከራክሮ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ደስ ብሎት ይከፍላል፤ መካኒኩ ማታ ተመልሶ ድርሻውን ይቀበላል። የእጅ ዋጋ ርካሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው አልልህም፤ በእጅ ዋጋ ብቻ የሚኖር ጋራዥ አሳየኝ ብትለኝ ግን የማሳይህ የለኝም።

አዲሱ፦ በሽታው እሱ ነው። ገቢው ከዕቃ ከሆነ፣ ባለሙያው ሳያስበው እንኳ ልቡ ወደ መቀየር ያደላል። "ምንም የለውም፣ ይሂዱ" ማለት ለእሱ ኪሳራ ነው። የራዲያተር ክዳንን ነገር ይውሰዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የሞተር ውሃ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይ ሞላው ሲደክም፣ መኪናው እንጦጦ ዳገት ላይ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ለዚያች ክዳን ስንቱ ቴስታታ አስወርዷል! ስንቱ ጓርኒሲዮን አስቀይሯል!

ነባሩ፦ ቴርሞስታቱንም ያወጡለታል።

አዲሱ፦ አውጥተው ይጥሉታል! ከዚያ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፤ ባለቤቱም "ነዳጅ በዛብኝ" ብሎ ሌላ ብልሽት ይዞ ይመጣል። ክዳን መፈተሽ ገንዘብ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚፈተሸው ክዳኑ ነበር።

ነባሩ፦ ንግግርህ ደስ ይላል። እሺ፣ በርህ ላይ ምን ብለህ ልትለጥፍ ነው?

አዲሱ፦ ምርመራ የሚከፈልበት መሆኑን ከነዋጋው። ዕቃ በገዛንበት ደረሰኝ ዋጋ እንደምናስብ። ለእጅ ደግሞ በሰዓት።

ነባሩ፦ በሰዓት ካስከፈልክ ዘገምተኛው ልጅ ከፈጣኑ ይበልጥ ሊያገኝ ነው።

አዲሱ፦ አይ፣ ለየሥራው የተወሰነ ሰዓት አለ። የፊት ፍሬን ሸራ ይሄን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይሄን ያህል ተብሎ በመመሪያ መጽሐፍ ተቀምጧል።

ነባሩ፦ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ብሎኑ እሺ ብሎ እንደሚፈታ አስቦ ነው። እዚህ የሚመጣው መኪና አሥር እጅ ፈትቶታል። አንዱ የማይሆነውን ዳዶ በግድ አስገብቶበታል፣ አንዱ በብየዳ ይዞታል፣ የኤሌክትሪኩን ሽቦ አንዱ ቆርጦ በፕላስተር ቀጥሎታል። ብሎኑ ሲቆረጥ እሱን ሰርስሮ ማውጣት ግማሽ ቀን ነው። መጽሐፉ ይሄን የት ላይ አስቀምጦታል?

አዲሱ፦ ሲያጋጥም ለደንበኛው አሳይቼ ነው የምጨምረው።

ነባሩ፦ ይሁንልህ። በደረሰኝ ዋጋ ያልከውንስ? ሶማሌ ተራ ሄደህ "ደረሰኝ ስጠኝ" በል እስኪ። ሁለት ዋጋ ይጠራልሃል፤ ከደረሰኝ ጋርና ያለ ደረሰኝ። ልዩነቱ የቫቱ 15 በመቶ ብቻ እንዳይመስልህ። ያለ ደረሰኝ ገዝተህ መጣህ እንበል፤ አንተ ግን ለደንበኛህ ደረሰኝ መቁረጥ አለብህ፣ ማሽኑ ያውና። ሒሳብህ ሲመረመር የሸጥክበት ወረቀት አለህ፣ የገዛህበት የለህም። ያኔ ሽያጩ ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይታሰብብሃል። ይሄን ደግሞ ከመጽሐፍ አላነበብኩትም።

አዲሱ፦ ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅም አለ። ትንሽ ይወደዳል እንጂ።

ነባሩ፦ ያንን ትንሽ ደንበኛው ይከፍላል?

ደንበኛዋ፦ ይቅርታ፣ መኪናዬ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ስሰማችሁ ነበር። ስለ ደንበኛ ደንበኛ ይናገር።

ነባሩ፦ ተናገሪ እንጂ፣ አንቺማ ቤተኛ ነሽ።

ደንበኛዋ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እዚህ የምመጣው ስለማምንዎት አይደለም፤ ከሌሎቹ ያነሰ ስለምጠራጠርዎት ነው። መኪናዬ ሲበላሽ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሦስት ወንዶች ያጎነብሳሉ፤ አንዱ "ኧረ ይሄማ አልቋል!" ይላል። ምኑ እንዳለቀ አላውቅም። "ዕቃውን ራሴ ልግዛ" እላለሁ። ሱቅ ስሄድ "ኦሪጅናል አለ፣ ታይዋን አለ፣ ቻይና አለ" ይሉኛል፤ የሦስቱም ካርቶን ላይ የቶዮታ ስም አለ። መካከለኛውን ገዝቼ እመለሳለሁ። የመረጥኩበት ምክንያት ምንም የለም፤ ሌሎቹን ሁለቱን ፈርቼ ነው።

ነባሩ፦ ከዚያ ያንን የፍሬን ሸራ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። እገጥመዋለሁ። በሳምንቱ ይጮኻል፣ ዲስኩን መፋቅ ይጀምራል። ማንን ነው የምትከሺው?

ደንበኛዋ፦ እርስዎን።

ነባሩ፦ ዕቃው ያንቺ፣ ጥፋቱ የእኔ። ደግሜ እፈታዋለሁ፣ ለድጋሚው ልጄን እከፍለዋለሁ፣ ካንቺ አልቀበልም። አዲሱ ልጅ ደግሞ ለሥራው ዋስትና እሰጣለሁ ሊል ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

አዲሱ፦ እሰጣለሁ፤ እኔ ለገዛሁት ዕቃ። ደንበኛው ያመጣውን እገጥማለሁ፣ ዋስትና ግን እንደሌለው ጽፌ አስፈርማለሁ። እስቲ እህቴ፣ እርስዎን ልጠይቅዎት፤ ለምርመራ ይከፍላሉ?

ደንበኛዋ፦ ዛሬ "ለማየት አንድ ሺህ ብር" ብትለኝ ወጥቼ እሄድ ነበር።

ነባሩ፦ ሰማህ?

ደንበኛዋ፦ አልጨረስኩም። የምሄደው ብሩ በዝቶብኝ አይደለም። አየሁ ያልከው ነገር እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? የምትሸጥልኝ ቃል ነው። ዕቃ ብገዛ ቢያንስ ዕቃ አለኝ።

አዲሱ፦ ጽፌ እሰጥዎታለሁ። ኮዱን፣ የለካሁትን ቁጥር፣ ፎቶውን፣ ዛሬ መቀየር ያለበትንና ገና የሚቆየውን፣ ከእነ ፊርማዬ። ወረቀቱን ይዘው ሌላ ጋራዥ ማሠራት ይችላሉ። ከተሳሳትኩ ብርዎን እመልሳለሁ።

ደንበኛዋ፦ ሌላ ጋራዥ ስሄድ "ይሄ ልጅ ምን ያውቃል?" መባሉ አይቀርም። ያኔ ማንን ልመን?

ነባሩ፦ ብር እመልሳለሁ ያልከውም ያከስርሃል። ብልሽት ሁሉ እንደዚያች ማኒኮቶ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚመጣ አለ፤ እዚህ ደህና ሰንብቶ ባለቤቱ ሲወስደው ቀለበት መንገድ ላይ የሚያቆመው አለ። ስድስት ሰዓት ሽቦ ስትከታተል ውለህ አንድ የላላ የኔጌቲቭ ማሰሪያ ብታገኝ የስድስቱን ሰዓት ይከፍላል?

አዲሱ፦ ገደብ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ካለፈ ደውዬ ልቀጥል ወይስ ልተው እላለሁ።

ደንበኛዋ፦ እሱ ደግ ነው። እስከ ዛሬ ደውሎ "ልቀጥል?" ያለኝ የለም። የሚደወልልኝ "ሞተሩ ወርዷል፣ ብር ላኪ" ለማለት ነው።

ነባሩ፦ ብደውልልሽ "እንዳመቸዎት" ነው የምትዪኝ። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ "መቼ ጠየቁኝ?"

ደንበኛዋ፦ እሱም አለ።

ነባሩ፦ ገንዘብ ካነሳን አይቀር ትልቁን እናንሳ። የምንሠራውን መኪና ዕድሜ እዩ። በ2012 የኤክሳይዝ አዋጁ ሲወጣ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ተጣለ። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ አውቶሞቢል ገባ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሹን እንዳይገባ ተባለ። ሰው ምን አደረገ? ያለውን ይዞ ቀረ። ከበኩር ልጄ የሚበልጥ ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ገዢ አያጣም።

አዲሱ፦ ይሄ እኮ ለጋራዥ ሲሳይ ነው።

ነባሩ፦ ያረጀ መኪናማ ጋራዥ ይወዳል። የባለቤቱ ኪስ ነው የማይወደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ሄደ። የእጅ ዋጋ ግን እዚያው ቀረ፤ ደንበኛው የያዘው ብር ያው ስለሆነ ለዕቃ የጨመረውን ከእጅ ላይ ይቀንሳል። ጥግ ላይ የቆመውን ሃይኤክስ ተመልከተው። 5ኤል ሞተር ነው። የታይሚንግ ቺንጋው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር ነበረበት፤ ባለቤቱ "ትንሽ ይሥራበት" አለ። ተበጠሰ። ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተማቱ። አሁን ለቴስታታው ብር ፍለጋ ሄዷል፤ ከሄደ ወራት ሆነው። የቆመበትን ቦታ ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ገፍቼ መንገድ ላይ አልጥለው፣ ሸጬ ብሬን አልወስድ። የአንተ ምርመራ ለዚህ ሰው ምን ያደርግለታል? ምርመራውንማ ቀድሜ ነግሬው ነበር፣ ቺንጋህ ሊበጠስ ነው ብዬ።

አዲሱ፦ በአፍ ነው የነገሩት። "ዛሬ ብትቀይር ይሄን ያህል፣ ከተበጠሰ ይሄን ያህል" ብለው ጽፈው ቢሰጡት?

ነባሩ፦ ታክሲ ነው እኮ። አንድ ቀን ከቆመ የዕለቱ ገቢ ቀረ፣ የረዳቱ ቀረ፣ ዕቁቡ ቀረ። ወረቀቱን በቃሉ ቢያጠናውም ያው ነው። አለማወቅ አይደለም የጎዳው፤ ማጣት ነው።

ደንበኛዋ፦ እሱ ልክ ነው። ግን ሁሉም ሰው ታክሲ ነጂ አይደለም። እኔ ወረቀቱ ቢሰጠኝ ለቀጣዩ ወር አስቀምጥ ነበር።

ነባሩ፦ ያንቺ ዓይነቱን ብቻ ይዞ ጋራዥ ይቆማል ወይ ነው ጥያቄው። የቦታውም ጣጣ አለ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ስንቱ ከኖረበት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ወጥቷል፤ ደንበኛው ግን አብሮት አልወጣም። መንገድ ላይ መኪና ፈትቶ መሥራት አይቻልም። ግቢ ውስጥ ለመሥራት ሰፊ ግቢ ይጠይቃል፤ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ደግሞ የሚያስበው ፎቅ ነው፣ ውልህን በየዓመቱ ነው የሚያድስልህ። ሊፍት ብትተክል በማን መሬት ላይ ነው የተከልከው?

አዲሱ፦ ለዚህ እኮ ነው የድርጅት ሥራ መያዝ ያለብን። የመድን ሥራ ቢኖረን…

ነባሩ፦ ያዘዋ! ተጋጭቶ ለመጣ መኪና ሦስት አራት ጋራዥ ዋጋ ያስገባል፤ ያነሰው ይወስዳል። ለማሸነፍ ብለህ የባትላሜራውን ቀን ታሳንሳለህ። መኪናው ሲከፈት ከውጭ ያልታየ ጉዳት ይወጣል፤ ለእሱ ማስፈቀጃ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ መሐንዲሱ መጥቶ እስኪያይ መኪናው ቦታህን ይዞ ይቆማል። ሥራው አልቆ፣ ባለቤቱ ፈርሞ ወስዶ፣ ክፍያው ወራት ይፈጃል። ባትላሜራው ግን ቅዳሜ ሲሆን ብሩን ይጠብቃል። ገንዘብ ያለው ጋራዥ በዚህ ሥራ ይከብራል፤ የሌለው ይሰምጣል።

አዲሱ፦ እሺ፣ ስለ ዛሬው ያሉት ሁሉ ልክ ይሁን። እኔ የማየው ነገን ነው። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ኤክሳይዝ አንሥቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ሲያቆመው በሩ ተከፈተ። ከመንገዱ ያዩታል፣ ከቀን ቀን እየበዛ ነው። የሞተር ዘይት የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ቺንጋ የለም። ከዕቃ የሚለቀመው ኮሚሽን አብሮ ይሄዳል። ምን ይቀራል? ጎማ፣ ባትሪው ከባድ ስለሆነ እግር፣ ፍሬን፣ ማቀዝቀዣው፣ እና ማየት። አብዛኛው ሥራ ማየት ነው። ማየትን መሸጥ ያልለመደ ጋራዥ ያኔ የሚሸጠው አይኖረውም።

ነባሩ፦ ባለፈው የመጣውን አስታውስ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ፤ ልጁ ስልኩን ደግኖ በማስተርጎሚያ ነበር የሚያነበው። የባትሪ ማስጠንቀቂያ በርቷል። የእኔ ስካነር ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ እንዲገባ ሶፍትዌሩ መታደስ አለበት፤ ማደሻው በዶላር ነው፣ በየዓመቱ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ለምኜ ነው የማስከፍለው። ደግሞ ብርቱካናማውን ገመድ የሚነካ ልጅ እጁን የሚያስገባው 400 ቮልት አካባቢ ውስጥ ነው። የካንዴላ ገመድ ነዝሮት የሚስቅ ልጅ ነው ያለኝ። ይሄኛው አያስቅም።

አዲሱ፦ እስከ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት አለ። መሰኪያውን ነቅሎ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ በሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሚነካው። እኔ በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ተምሬዋለሁ። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ በየነጋዴው በኩል ስለገቡ ወደ ወኪሉ ውሰደው የሚባል ወኪል የላቸውም። ባለቤቱ የት ይሄዳል? ወደ እኛ ነው።

ነባሩ፦ ይመጣል፤ አልመጣም አልልም። ጓንቱ እንዳልተበሳ ሁልጊዜ የሚፈትሸው ማን ነው? አንተ ሶማሌ ተራ በሄድክበት ቀን ልጁ "ቶሎ ላድርሰው" ብሎ ያለ ጓንት ቢገባበትስ? እናቱ የምትመጣው ወደ እኔና ወደ አንተ ነው።

አዲሱ፦ ስለዚህ እኔና አንድ ያሠለጠንኩት ልጅ ብቻ እንነካዋለን።

ነባሩ፦ ያሠለጠንከው! ይሄን ስጠብቅ ነበር። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ የኪያቤ አያያዝ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። ጎማ መፍታት፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ቴስታታ። ዓመታት ስህተቱን እየከፈልክ ታስተምረዋለህ። ድምፅ ሰምቶ መለየት ሲጀምር የደንበኞችህን ስልክ ይዞ መንገድ ማዶ ይከፍታል፤ ወይ ዱባይ ይሄዳል። እንዳትቀየመኝ፣ አንተን ያሠለጠነህ መሥሪያ ቤት ዛሬ ቢፈልግህ የት ነው የሚያገኝህ?

አዲሱ፦ እዚህ።

ነባሩ፦ እዚህ።

አዲሱ፦ የለቀቅኩት ለደመወዝ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔ ያገኘሁትን ብልሽት ሌላ ሰው ፈርሞበት፣ ደንበኛው ፊት ሌላ ሰው ቆሞ ያብራራዋል። እዚህስ በፐርሰንት የሚሠራው ልጅ ፐርሰንቱ የሚታሰብለት ከምንድን ነው? ከፈታውና ከገጠመው። ስለዚህ ይፈታል። ለማሰብ ስለማይከፈለው አያስብም። ምርመራ ሲከፈልበት ያየው ልጅ ድርሻውን ያገኛል፤ ስሙም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።

ነባሩ፦ ስሙ ከሰፈረማ፣ መንገድ ማዶ ሲከፍት ደንበኛው ስሙን እየጠራ ይከተለዋል።

ደንበኛዋ፦ ይከተለው! ለእኔ ሁለተኛ የሚታመን ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ነባሩ፦ ለአንቺማ ነው። የዚህን ግቢ ኪራይ የሚከፍለውስ?

ደንበኛዋ፦ ኪራዩን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ግን ጋሼ፣ እንዲህ ካንገሸገሸዎት ለምን ይሄን ያህል ዘመን ቆዩበት?

ነባሩ፦ ሥራው መቼ አንገሸገሸኝ? ሞተር ሲዞር ሰምቼ የዲናሞ ኩሽኔታ ይሁን የውሃ ፖምፓ ስለይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የሰለቸኝ ያንን እየደበቅኩ መሸጡ ነው። የማውቀው ነገር ዋጋ እንዲያወጣ ከዕቃ ሥር፣ ከሱቅ ሥር ማስገባት።

አዲሱ፦ እኔም የምለው ከሥር አውጥተን እንሽጠው ነው።

ነባሩ፦ አሳመንከኝ አልልም። አንድ ፈተና ግን አለኝ። ዋጋህን ለጥፍ፣ ወረቀትህንም አሳትም። ብልሽት ያገኘህለት ሰው ቢከፍልህ አይደንቀኝም፤ እሱ የከፈለው ለብልሽቱ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው። "ድምፅ አወጣብኝ" ብሎ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታየዋለህ፤ ምንም የለውም። የሚቀየር የለም፣ የሚጠበቅ ብሎን እንኳ የለም። "ደህና ነው፣ ይሂዱ፣ አንድ ሺህ ብር" ትለዋለህ። ያ ሰው ከፍሎ ወጥቶ፣ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ከመጣ ነገርህ ይሠራል።

አዲሱ፦ እህቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይከፍላሉ?

ደንበኛዋ፦ "ደህና ነው" ብቻ ካልከኝ አልከፍልም። ምን ምን እንዳየህ፣ እያንዳንዱን በምን ለክተህ ደህና እንዳልከው ከጻፍክልኝ እከራከርሃለሁ፣ ግን እከፍላለሁ።

ነባሩ፦ እንግዲህ የግቢው ውል የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው። እስከዚያ ሞክረው። በዚያ ቀን ኪራዩ ከዕቃ ኮሚሽን ውጪ ከወጣ ውሉን በስምህ አዛውራለሁ፤ ካልወጣ ቁልፉን ለባለግቢው አስረክባለሁ።